ዛሬ የይቅርታ እሁድ ነው

እህት ዓለም፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? የእማማ ጉልበት ተሻላቸው?

በይቅርታ ልጀምር። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር አልጻፍኩልሽም። እናቴ ስታርፍ በኔ ቦታ ለቅሶ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ድንኳን ያስተከልሽው፣ እድርተኛውን የጠራሽው፣ ሰልስቱን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። እኔ ደውዬ እንኳ አላመሰገንኩሽም። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ፤ ጊዜው በሄደ ቁጥር ደግሞ አፈርኩ። ምክንያት አልደረድርም። ይቅር በይኝ።

ለምን ዛሬ እንደጻፍኩ ልንገርሽ። እዚህ ሩሲያ ዛሬ የይቅርታ እሁድ ነው። እናንተ ቅድስት ላይ ናችሁ፤ ጾም ከያዛችሁ ሳምንት አልፏችኋል። ሩሲያዎቹ ግን የሚይዙት ነገ ሰኞ ነው። የኛ 55 ቀን ነው፣ የነሱ 48። ፋሲካው ግን አንድ ቀን ነው። ስለዚህ በየዓመቱ እኔ ዘወረደን ስጾም ቤቱ በቅቤ ሽታ ይታጠናል። ሳምንቱን ማስሌኒትሳ ይሉታል፣ የነሱ ቅበላ በይው። ሥጋው ቀድሞ ይቆማል፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ግን እስከ ዛሬ ማታ ይበላል። ጠዋትም ማታም ብሊኒ ነው፣ በመጥበሻ የሚጋገር ስስ ቂጣ። ዛሬ ደግሞ ከጭድ የተሠራች ትልቅ አሻንጉሊት ሜዳ ላይ አውጥተው ያቃጥላሉ። ብርዱን መሸኘታቸው ነው።

ዘንድሮ ብሊኒውን የጋገርኩት እኔ ነኝ። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከኅዳር ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው። ደጃፍ ላይ በረዶ አዳልጧቸው የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ተደርገዋል። ግን 83 ዓመታቸው ነው፤ እንደ ድሮው መቆም የለም።

«በሩን ክፍት ተይው፣ ድምፁን ልስማ» አሉኝ። የመጀመሪያውን አፈሰስኩ። እኔ ጾመኛ ነኝ፣ አልቀምስም። ጨው ይነሰው፣ ስኳር ይብዛው በምን ልወቅ? በሳህን አድርጌ ወደ አልጋቸው ወሰድኩ። ቆርሰው ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩ። «ጨው» አሉ። ተመለስኩ። ሁለተኛውን ወሰድኩ። «እሳቱን ቀንሺ፣ ጠርዙ ደርቋል።» ሦስተኛው ወፈረ። አራተኛው ላይ ምንም አላሉም። በልተው ጨረሱና ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ያኔ እንደሆነልኝ ገባኝ።

ማታ ደግሞ ልማዱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው በየተራ ወደ ሌላው ሄዶ «ፕራስቲ ሚኛ» ይላል፣ ይቅር በለኝ ማለት ነው። የተጠየቀው «ቦግ ፕራስቲት» ብሎ ይመልሳል፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። ልጄ አባቷን ጠየቀች፣ አባቷ እሷን። የኔ ተራ ደርሶ አልጋው አጠገብ ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት እጄን ያዙኝ።

«እኔ ልቅደም» አሉ። «ወደዚህ ቤት የመጣሽበት የመጀመሪያው አዲስ ዓመት ትዝ ይልሻል? በሩ አጠገብ ነው ያስቀመጥኩሽ። የእንግዳ ሳህን ነው የሰጠሁሽ። ይቺ ልጅ አንድ ዓመት አትቆይም ብዬ ነበር። ይቅር በይኝ።»

አሥራ አራት ዓመት አልፎታል እኮ! እኔ ሳህኑን ልብ ብዬው አላውቅም። እሳቸው ግን ይዘውት ኖረዋል። «ቦግ ፕራስቲት» አልኩና ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እዚያው ቆሜ ነው አንቺ የመጣሽብኝ።

አሁን ጭንቀቴን ልንገርሽ። የዚህ ቤት ዓመት የሚዞረው በእሳቸው እጅ ነው። የባለቤቴ ወንድሞች የሚሰበሰቡት በዓል ሲሆን ነው፤ በዓሉን የሚያደርጉት ደግሞ እናታቸው ናቸው። እሳቸው ካልቆሙ ማን ይመጣል?

አዲስ ዓመቱ የመጀመሪያ ፈተናዬ ነበር። እዚህ ትልቁ በዓል ገና አይደለም፣ አዲስ ዓመት ነው። በሶቪየት ጊዜ የገናን ዛፍ የሃይማኖት ነው ብለው ከልክለውት ነበር። በፈረንጆች 1935 መጨረሻ ላይ መለሱት፣ ግን የአዲስ ዓመት ዛፍ አድርገው። ዛፉም፣ ስጦታውም፣ ነጭ ጢሙ የገና አባታቸው ዴድ ማሮዝና የልጅ ልጁ ስኔጉሮችካም አብረው ወደ አዲስ ዓመት ገቡ። ገና ራሱ የሥራ መዝጊያ ቀን ሆኖ የተመለሰው በ1991 ነው። የነሱም ገና እንደኛው ጃንዋሪ 7 ነው። የቀን አቆጣጠራቸውን በ1918 ቀይረዋል፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ግን በድሮው ቀረች። ስለዚህ ጃንዋሪ 13 ማታ «አሮጌው አዲስ ዓመት» ብለው እንደገና ይቀመጣሉ። የተረፈውን ምግብ ይጨርሱበታል።

ገበታው ላይ የማይቀር ነገር አለ። ኦሊቪዬ ሰላጣ፦ ድንች፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ አተር፣ የኮመጠጠ ኪያር፣ ቋሊማ፣ ሁሉም ደቆ ተከትፎ በማዮኔዝ። ቀይ ሥር የለበሰ ጨው ዓሣ። ሌሊቱን ሙሉ ተቀቅሎ በቅዝቃዜ የረጋ የሥጋ መረቅ። መንደሪን በሳህን ሙሉ። እኩለ ሌሊት ላይ የክሬምሊን ሰዓት 12 ጊዜ ሲደውል ምኞትሽን ወረቀት ላይ ትጽፊና ታቃጥይዋለሽ። አመዱን ሻምፓኝ ውስጥ ጨምረሽ ደወሉ ሳያልቅ ትጠጪዋለሽ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በገና ጾም ነው። የኛም የነሱም ጾም ነው፣ ግን ብዙው ሰው ይበላል። አማቴ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ለኔ በትንሽ ሰማያዊ ጎድጓዳ ሳህን የጾም ኦሊቪዬ ይሠሩልኝ ነበር። ያለ እንቁላል፣ ያለ ቋሊማ፣ ማዮኔዙም በዘይት የተተካ። ማንም ሳያዛቸው። ዘንድሮ ሁለት ቀን ሙሉ ስከትፍ ቆይቼ ሁሉንም አቀረብኩ። ስቀመጥ የኔ እንዳልተሠራ አየሁ። ልጄ ተነሳችና ከማቀዝቀዣው ሰማያዊዋን ሳህን አወጣች። ለካ አያቷ አልጋ ላይ ሆነው ነግረዋት፣ ደብቃ ከትፋ ነው! ድንቹ እንደ ጠጠር ተልቆ ተከትፎ ነበር። አንድም ሳላስቀር በላሁ።

ጥምቀትንማ ብታይ። እነሱም ጃንዋሪ 19 ነው። ወንዙ ረግቶ ድንጋይ ሆኗል። በረዶውን በመስቀል ቅርጽ ይቆርጡና ውኃው ይባረካል። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ይጠልቃል። እኔ ነጠላዬን ካፖርቴ ላይ ጣል አድርጌ ዳር ቆሜ ጃን ሜዳን አስባለሁ። ያ ልጅ ላንቺ የወረወረው ሎሚ የኔን ግንባር ያገኘበትን ቀን። አሁን ባልሽ ስለሆነ እኔ ነኝ ያጋባኋችሁ ማለት ነው! ካሳዬን አልተቀበልኩም በይው።

ሌላው ቀላል ነው። በፌብሩዋሪ 23 ለወንዶቹ ካልሲ ይገዛል። ማርች 8 ለሴቶቹ አበባ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት፣ ሙሉ ቁጥር ለሙት ነው። በሜይ መጀመሪያ ገጠር ቤት ሄዶ ድንች መትከልና ሥጋ መጥበስ። ሜይ 9፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድል ቀን፣ ግን ቀላል አይደለም። ያለሁባት ከተማ ቮሮኔዥ የጦር ግንባር ነበረች፤ የተለቀቀችው በጃንዋሪ 1943 ነው። አማቴ አባታቸውን የሚያውቁት በአንድ ፎቶ ነው። በየዓመቱ ፎቶውን ከግድግዳ ያወርዱና መስታወቱን ያጥባሉ። ዘንድሮ ማን እንደሚያወርደው አላውቅም። እኔ መንካት ይገባኝ እንደሆነም አልጠየቅኩም።

በበዓለ ኃምሳ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ እርጥብ ሣር ይጎዘጎዛል። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ጫማዬን ማውለቅ አማረኝ። በኛ ቡሄ ቀን፣ ኦገስት 19፣ ፖም ተሸክመው ሄደው ያስባርካሉ። አማቴ ከዚያ ቀን በፊት አዲስ ፖም አይቀምሱም። እኔ ያን ቀን ማታ ብቻዬን ሆያ ሆዬ አንጎራጉራለሁ።

አሁን ወደ ፋሲካ እንምጣ፤ ሰባት ሳምንት ነው የቀረው። ኩሊች የሚባል ረጅም ዳቦ አላቸው። እንቁላልና ቅቤ የበዛበት፣ አናቱ ላይ ነጭ ስኳር የፈሰሰበት። በጸሎተ ሐሙስ ይጋገራል፣ ቅዳሜ ይባረካል። ሊጡ ሲነሳ በር አይወረወርም፣ አይጮህም፤ ይወድቃል ይላሉ። እንቁላሉ በሽንኩርት ልጣጭ ተቀቅሎ ይቀላል። የአማቴ እናት ሶቪየት እያለም መጋረጃ ጋርደው ይቀቅሉት ነበር አሉ። አማቴ ይህን ሁሉ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ትናንት ደብተር ገዝቼ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። «ዱቄቱ ስንት ነው?» ስላቸው «እጅሽ ይነግርሻል» አሉኝ። እስኪደክማቸው ጻፍኩ። ስድስት ገጽ ደርሻለሁ።

ልጄ መጥታ ደብተሩን አየች። «ያንቺ እናትስ ለፋሲካ ምን ዳቦ ይጋግሩ ነበር?» አለችኝ። ድፎ አልኳት። «እንዴት ነው የሚሠራው?» አለች።

አላውቅም፣ እህቴ። በ18 ዓመቴ ነው የወጣሁት። እሳቱ ሲነድ እኔና አንቺ ኮባ ቅጠል ስናጥብ ነበር እንጂ ሊጡን ማን አየው? እናቴን በስልክ ስንት ጊዜ አወራኋት፣ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።

ስለዚህ ልለምንሽ። እማማን ጠይቂልኝ። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እርሾ? ሌሊቱን ይደር ወይስ ጠዋት ይቦካ? ጥቁር አዝሙድ እዚህ አለ፤ ኮባ ግን የለም፣ በምን ልጠቅልለው? ቢቻል ድምፃቸውን በስልክሽ ቅጂልኝ። ረጅም ቢሆን ግድ የለም። እሳቸውና እናቴ አብረው ነበር የሚጋግሩት። እናቴ ውስጡ የምትጨምረው አንድ ነገር ነበር፤ ሽታው አፍንጫዬ ላይ አለ፣ ስሙ ግን ጠፋብኝ። እማማ ያውቁ ይሆናል።

ተቀይመሽኝ ከሆነና መመለስ ካልፈለግሽ ይገባኛል። ግን ቢያንስ እማማን ጠይቂልኝ።

ልቁም። በሩ ክፍት ነው፣ አማቴ እየጠሩኝ ነው። ነገ ጾም ስለሚይዙ የመጨረሻውን ሻይ በወተት ይፈልጋሉ።

ያንቺው፣ ያቺው የድሮዋ
ከቮሮኔዥ