አባዬ፣ ስለዚያ የዓሣ ዘይት

ይድረስ ለአባዬ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ጉልበትህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማሙሽ አንደኛ ክፍልን ጨርሶ ክረምቱን ሙሉ ቤቱን ሊያፈርስ ተቀምጧል። ሚሚ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ጥርስ ጣሪያ ላይ ይወረወራል ብለህ ነግረሃት የለ? ካልወረወርኩ ብላ ታስጨንቀኛለች። እኛ ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከላያችንም ሌላ ሰው አለ። ጥርሱ በሶፍት ተጠቅልሎ ፍሪጅ ላይ ተቀምጧል። «ለአባባ ላኪለት፣ እሱ ጣሪያ አለው» ትላለች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስናወራ መስኮቱ ላይ፣ ከመነጽርህ አጠገብ፣ ሁለት ጠርሙስ አየሁ። «ምንድን ነው?» ስልህ «የዓሣ ዘይት ነው፣ ለልብ ነው» አልከኝና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርክ። አንዱን ወደ ካሜራው ስታስጠጋው ስክሪንሾት አነሳሁት። ወርቃማ ፍሬ ነው፤ ፊቱ ላይ በትልቁ 1200 ሚሊ ግራም ይላል። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት እንደምትውጥ ግን አንተ አልነገርከኝም። ነስር እንደሚያስቸግርህም አንተ አልነገርከኝም። ከማን እንደሰማሁ አትጠይቀኝ። እትዬንም እንዳትቆጣት።

አባዬ፣ አንተ ዋርፋሪን የምትወስድ ሰው ነህ። የልብህ ምት ስለሚዛባ ደም እንዳይረጋና ወደ ጭንቅላትህ እንዳይሄድ ነው የታዘዘልህ። ደም ሲረጋ ፕላትሌት የሚባሉት ደም ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። የዓሣ ዘይት ይህን መጣበቅ በመጠኑ ያላላል። ብቻውን ለጤነኛ ሰው ይህን ያህል አያስፈራም። ዋርፋሪን ላይ ግን ሐኪም ሳያውቀው አይደረብም። አንድ ነገር ሲጨመርም፣ ሲቀነስም አይኤንአር፣ ማለትም ደምህ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥር፣ እንደገና ይለካል። ለአንተ ዓይነት ሕመም በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። አንተ የተለካኸው ከፋሲካ በፊት ነው፤ አሁን ክረምቱ ገብቷል። በዚህ ላይ ለጉልበትህ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ትገዛለህ አሉ። እሱ ደግሞ ከዓሣ ዘይቱም የባሰ ነው፤ ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል። ለጉልበትህ ምን እንደሚሻል ሐኪምህን ጠይቀው እንጂ ከፋርማሲ መስኮት አትግዛ። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ አውቃለሁ፤ ከመስኮቱ ማዶ የቆመ ሰው የሚጠየቀውን ብቻ ነው የሚሰጠው።

የሚያናድደኝ ሌላው ነው። ለልቤ ብለህ የምትወስደው ነገር፣ መጠኑ ሲበዛ ያንኑ የልብ ምት መዛባት ሊያመጣ ይችላል። ይህ የእኔ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች በሐኪም በሚታዘዙት የኦሜጋ 3 (የዓሣ ዘይት ውስጥ ያለው ዋናው ቅባት) መድኃኒቶች ማብራሪያ ላይ ይህ እንዲጻፍ አድርገዋል። አደጋው መጠኑ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል፤ በቀን ከ1 ግራም ሲያልፍ በግልጽ ይታያል። አሁን ያንተን እናስላው። 1200 የሚለው የዘይቱ ክብደት ነው። የምትፈልገው ኦሜጋ 3 ጀርባው ላይ በትንሹ ተጽፏል፤ ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚሉት ሁለቱ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱ ፍሬ ውስጥ ብዙ ጊዜ ኦሜጋ 3 ተብሎ የሚገኘው 360 ሚሊ ግራም ያህል ነው። አራት ስትውጥ 1440 ይሆናል። ሒሳብ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

«ታዲያ ሁሉም ለልብ ነው የሚለው ለምንድን ነው?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ልባቸው ደህና ሆኖ ስለተገኘ ነው ነገሩ የተጀመረው። ከዚያ ፍሬው ተሞከረ። ቪታል የሚባለው የአሜሪካ ጥናት ከ25 ሺህ በላይ ሰዎችን ይዞ፣ በቀን 1 ግራም እየሰጠ ዓመታት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ሲወጣ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመምን፣ ስትሮክንና በልብ ሕመም መሞትን አንድ ላይ ሲያዩት መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ፍሬ ጉልህ ልዩነት አልነበረውም። ውጤት ያሳየም አለ፤ አልክድህም። እሱ ግን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ የተጣራ ኢፒኤ ነው። በቀን 4 ግራም፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባታቸው ከፍ ላለና ለልብ ሕመም ለተጋለጡ ሰዎች። እዚያም ላይ የልብ ምት መዛባት ጨምሯል። ያንተ የደም ቅባት ደህና እንደሆነ አንተው ነህ የነገርከኝ። ካልዋሸኸኝ።

ሁለተኛው ጠርሙስ ደግሞ የኮድ ዓሣ የጉበት ዘይት ነው። ያ ሌላ ነገር ነው። ቫይታሚን ኤ እና ዲ አለበት። ቫይታሚን ኤ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። ሲበዛ ጉበትንም አጥንትንም ይጎዳል። ክዳኑን ክፈትና አሽትተው። ትንሽ የዓሣ ሽታ ይኖረዋል። እንደ አሮጌ የግድግዳ ቀለም ከከረፋህ ተበላሽቷል፣ ድፋው። መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው እንዴት አይበላሽ!

«ከአሜሪካ የመጣ ነው» አልከኝ። አዎ፣ ከአሜሪካ ነው። እዚህ አገር በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ዓይነቱ ነገር የሚታየው እንደ ምግብ እንጂ እንደ መድኃኒት አይደለም። ኤፍዲኤ፣ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ገበያ ከመውጣቱ በፊት አያጸድቀውም። ለዚህ ነው ዩኤስፒ ቬሪፋይድ የሚል ማኅተም ያለበትን ፈልጉ የምንለው፤ ያ ማለት የተጻፈው ነገር በተጻፈው ልክ ውስጡ እንዳለ ሌላ አካል መርምሮታል ማለት ነው። ይጠቅምሃል ማለት ግን አይደለም። ያንተን ጠርሙስ ዞር አድርጌ አላየሁትም።

ደግሞ አንድ ነገር ላንሳልህ፤ በሰኔ ጾም ስለሆንክ። ዘይቱ የዓሣ ነው፣ ልክ ነህ። ልባሱ ግን ጄላቲን ነው። ጄላቲን በአብዛኛው ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው። የዓሣ ጄላቲን የሚጠቀሙም አሉ፤ እነሱ ግን ብዙ ጊዜ በግልጽ ይጽፉታል። «ጄላቲን» ብቻ ካለ የምን እንደሆነ አይታወቅም። ሐኪሙ ያላስቆመህን አሳማው ያስቁምህ። ሳቅህ ተሰማኝ፤ ወይም ተቆጥተህ ይሆናል። ከባሕር አልጌ የሚሠራ፣ ልባሱም ከዕፅዋት የሆነ ኦሜጋ 3 አለ። ሐኪምህ «ይውሰድ» ካለ እሱን ፈልጌ እልካለሁ። ቢፈቅድልህም በባዶ ሆድ አይደለም፣ ከምግብ ጋር ነው። አለበለዚያ ቀኑን ሙሉ ዓሣ ያስገሳሃል።

እስከዚያው ምግብ ብላ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ራሱ በሳምንት ሁለቴ ዓሣ፣ በተለይ ቅባት ያለው፣ ነው የሚለው። ከጎርጎራ የሚመጣው ቆሮሶ ጥሩ ነው፣ ግን ኦሜጋ 3 ብዙ የለበትም። የጣሳ ሰርዲን ይበልጠዋል። ግፊትም ስላለብህ ጨው ያልበዛበትን ምረጥ። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአንተና ለንስሐ አባትህ ትቻለሁ። ተልባም አለ። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» እያልክ ከወንድሜ ጋር ስንጣላ ታስፈራራን ነበር። ተልባ የራሱ ዓይነት ኦሜጋ 3 አለው፤ ሰውነታችን ግን ወደ ዓሣው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ነው። የለመድከውን ያህል ጠጣ፣ እንደ መድኃኒት በላዩ ላይ አትጨምር። ጎመንም እንደዚያው፤ አንድ ሳምንት ጎመን በጎመን፣ ቀጣዩን ሳምንት ምንም፣ ዋርፋሪኑን ያዛባዋል።

የአዘዞን ቦታ ሸጠህ እንደላክኸኝ አልረሳሁም። ይህን ሁሉ የምጽፈው ልቆጣጠርህ አይደለም።

አንድ ነገር ልበልህና ከዚያ አልደግመውም። እማዬ ስትታመምም «ጉንፋን ነው» ነበር የተባልኩት። ስደውል «ተኝታለች»። ስደውል «ጠበል ሄዳለች»። ስደውል «ኔትወርክ አስቸገረ»። እኔም አምኜ በተገኘው ሰው ቫይታሚን እልክ ነበር። ቫይታሚኑን ማን እንደዋጠው እንጃ። ከዚያ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ሥራ ልሄድ አንድ እግር ጫማዬን አድርጌያለሁ። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ኮሪደሩ ሞልቷል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የማኅበራችን ሴቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ማንም ምንም ሳይለኝ ገባኝ። በሩን ሳልከፍት ትንሽ ቆምኩ። ካልከፈትኩ ያልሆነ ይመስል። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እናንተ ጋ ያኔ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ወንበሩ ለዕድሩ ተመልሶ ነበር። «በሰው አገር ብቻዋን እንዳትሰማ ብለን ነው» አልከኝ። ገብቶኛል። ወጋችን ነው፣ ለእኔ አዝናችሁ ነው። ግን ቂሙ አልወጣልኝም፤ አንተ ላይም አለ። አሁን ስደውል «ደህና ነኝ» ስትለኝ ደህና መሆንህን የማውቅበት መንገድ የለኝም። እማዬም ደህና ነበረች።

ስለዚህ ሲብስብህ አንተው ደውል። አንተ ካልቻልክ እትዬ ትደውል። ሌሊትም ቢሆን፣ ሥራ ላይም ብሆን። ሽማግሌ አትላኩብኝ።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ዋርፋሪኑን በራስህ እንዳታቆም፤ እሱ ከሁሉም የባሰ ነው። የዓሣ ዘይቱን ግን ሁለቱንም ሐኪምህ እስኪያይልህ አስቀምጣቸው። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ጠርሙሶቹን በፌስታል ይዘህ ሂድ። ዲክሎፌናኩንም፣ ሰው «ይጠቅምሃል» ብሎ የሰጠህን ሌላውንም ሁሉ። ነስሩንም ንገረው፣ አትሸሽገው። ነስሩ አልቆም ካለ፣ ሰገራህ ከጠቆረ፣ ሽንትህ ከቀላ፣ ወይም ወድቀህ ጭንቅላትህን ከመታህ፣ ባያምህም እንኳ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ያንኑ ሰዓት ሂድ። ጥርስህን ልትነቀልም ከሆነ ዋርፋሪን እንደምትወስድ አስቀድመህ ንገራቸው።

ደምህን ስትለካ ውጤቱን ላክልኝ። «ደህና ነው» አትበለኝ፣ ቁጥሩን ጻፍልኝ።

ልጅህ
ከሲልቨር ስፕሪንግ