«እስክትወልድ ታቆየው» የሚለው ምክር ይታረም

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ስለ ነፍሰ ጡሮች የጥርስ ጤና ያወጣችሁትን ሐተታ አንባቢዎቻችሁ አይተውታልና ይዘቱን እዚህ አልደግመውም። ስለ ጥርስ ሳሙናና ስለ ብሩሽ አያያዝ የተጻፈው ደህና ነው። ብዕሬን እንዳነሣ ያስገደደኝ ወደ መጨረሻው ላይ የሰፈረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ነፍሰ ጡር ሴት ጥርሷን ቢያማትም ለጽንሱ ደኅንነት ሲባል ሕክምናውን እስክትወልድ ብታቆየው ይመረጣል።» ይህን ማን እንደተናገረው አልተገለጸም፤ ሐኪም ይሁን ጎረቤት አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

እኔ በጅማ ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ በአዋላጅነት የማገለግል ሴት ነኝ። ለቅድመ ወሊድ ክትትል የሚመጡት እናቶች ከከተማው ቀበሌዎች ብቻ ሳይሆን ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከማናና ከቀርሳም ጭምር ናቸው። የደም ግፊታቸውን ለክቼ፣ የጽንሱን የልብ ምት አዳምጬ ሳበቃ፣ አፋቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ሸፈን አድርገው ድዳቸው እንደሚደማ፣ በአንድ ወገን ብቻ እንደሚያኝኩ፣ ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ ይነግሩኛል። ታዲያ ለምን አልታከምሽም ስላቸው የሚመልሱልኝ እናንተ ያተማችሁትን ነው፤ «እርጉዝ ጥርሷ አይነካም» ተብለዋል። አማት ብላለች፣ ጎረቤት ብላለች፣ መድኃኒት ሻጭ ብሏል። አሁን ደግሞ ጋዜጣ ተጨመረበት።

ነገሩ ቤቴም ገብቷል። ታናሽ እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ በአምስተኛው ወር የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሮ ጉንጯ አበጠ። ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄደች፤ የጠየቋት ነገር ቢኖር እርጉዝ መሆኗን ብቻ ነው፤ አፏን እንኳ ከፍተው ሳያዩ «ስትወልጂ ነይ» ብለው መለሷት። አምስተኛው ወር እኮ ማቅለሽለሹ ያለፈበት፣ ሆዷም ገና ያልከበደበት፣ ለጥርስ ሕክምና ከሁሉም የሚመቸው ጊዜ ነው! በሰባተኛው ወር አፏን በወጉ መክፈት አቅቷት፣ አጥሚት በማንኪያ እየወሰደች፣ ትኩሳት ይዟት ወደ ሌላ ክሊኒክ ወሰድናት። እዚያ ያገኘነው ወጣት የጥርስ ሐኪም ጋቢ አጣጥፎ ከቀኝ ዳሌዋ ሥር አደረገላት፤ ወደ ግራዋ ትንሽ ዘንበል ስትል የከበደው ማሕፀን ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር አይጫነውም። ከዚያም ድዷን በሊዶኬይን አደንዝዞ መግሉን አፈሰሰ፣ ጥርሱን ነቀለ፣ አሞክሲሲሊን አዘዘላት። ይህ ሁሉ ሥራ ቡና ተፈልቶ አቦል እስኪቀዳ ከሚወስደው ጊዜ አልበለጠም። ከቀናት በኋላ እንጀራ መብላት ጀመረች፤ ልጇንም በጊዜዋ በሰላም ተገላገለች። ያ ሁሉ ሥቃይ ለማን ጥቅም ነበር?

«ለጽንሱ ደኅንነት» ስትሉ ያሳሰባችሁ ማደንዘዣውና ራጁ ከሆነ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ብትጠይቁ መልሱን ታገኙት ነበር። ሊዶኬይን በእርግዝና ወቅት በሰፊው የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው። የጥርስ ራጅም ወደ አፍ ብቻ የሚያነጣጥር በመሆኑ ማሕፀን ዘንድ የሚደርሰው ጨረር እጅግ አነስተኛ ነው። የጽንሱ አካላት በሚሠሩባቸው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ጥርስ እንደ ማስነጣት ያለውን አጣዳፊ ያልሆነ ሥራ ማቆየት ተገቢ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታትም ለረጅም ጊዜ በጀርባ መተኛት ይከብዳል። ሕመም፣ እብጠትና መግል ግን በየትኛውም ወር ይታከማሉ። ዘጋቢያችሁ ሊቆይ የሚችለውን ከማይቆየው ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከተተው። ውጤቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የታተመ፣ በአሜሪካ የድድ ሕመም ያለባቸው ከ800 የሚበልጡ ነፍሰ ጡሮች የተካተቱበት ጥናት፣ ግማሾቹን በእርግዝናቸው ወቅት፣ ግማሾቹን ከወለዱ በኋላ አክሞ አነጻጽሯል። ድድን ማከም ያለጊዜ መውለድን እንደሚቀንስ አላሳየም፤ ይህንንም መናገር ይገባል። ሕክምናው እናቲቱንም ሆነ ጽንሱን እንዳልጎዳ ግን አሳይቷል፤ እናንተ ያስፈራራችሁት ደግሞ በዚሁ ነው።

«ይቆይ» የተባለች ሴት እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም፤ ሕመሙ አያስቀምጣትምና። መጀመሪያ ቅርንፉድ ትነክሳለች። እሱ ካላስታገሠላት ከመድኃኒት መደብር ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ትገዛለች፤ እነዚህ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የእንሽርት ውኃውን ሊያሳንሱ የሚችሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለነፍሰ ጡር የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው። ወይም ቤት ውስጥ የተረፈ ቴትራሳይክሊን ትውጣለች፤ እሱም በጽንሱ ድድ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ያሉትን ጥርሶች ያበልዛል። እንግዲህ ጽንሱን ትጠብቃለች የተባለችው ምክር እናቲቱን የምትመራት ጽንሱን ወደሚጎዳው ነገር ነው። ይህን አንድ ቀን እንኳ በክትትል ክፍላችን የተቀመጠ ዘጋቢ በቀላሉ ይረዳው ነበር።

ስለ ድድ መድማትም እንዲሁ በአንድ ሐረግ ታልፏል። በእርግዝና ጊዜ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች ሲጨምሩ ድድ በጥርስ ላይ ለተጋገረ ትንሽ ቆሻሻ እንኳ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ደም ያየች እናት መፋቂያውን ትጥለዋለች፤ ቆሻሻው ይብሳል፣ መድማቱም ይበረታል። መነገር የነበረበት በለስላሳ ብሩሽ፣ ወይም ጫፉ በደንብ ታኝኮ በለሰለሰ መፋቂያ፣ ቀስ ብላ ማጽዳቱን እንዳታቋርጥ ነው። የሚያስመልሳት ደግሞ የሆድ አሲዱ ጥርሷን እንዳይበላው አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በብርጭቆ ውኃ በጥብጣ ትጉመጥመጥ፤ ከመፋቋ በፊትም ግማሽ ሰዓት ያህል ትቆይ። እናንተ ባለ ባትሪ ብሩሽ የያዘች ሴት ፎቶግራፍ አውጥታችሁ መፋቂያን ጨርሶ ዘነጋችሁት፤ ከእኔ ዘንድ የሚመጡት አብዛኞቹ እናቶች ግን የሚጠቀሙት እሱን ነው።

ይባስ ብሎ «በክልሎች ግንዛቤው ዝቅተኛ ነው» ብላችሁ ጽፋችኋል፤ ቃላቸውን የሰጡት ሰዎች ሁሉ ግን የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ናቸው። ጅማ የጥርስ ሐኪሞች የሚሠለጥኑባት የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ስልክ መደወል ምን ያህል ይከብዳል? የእኔ እኅት ግንዛቤ አላነሳትም፤ አሟት በሁለት እግሯ ሄዳ «ስትወልጂ ነይ» ተብላ ተመለሰች። ከሰቃ ድረስ በሚኒባስ ተጉዛ ያው ቃል ተነግሯት ለተመለሰች እናት ግንዛቤ የላትም ማለት ስድብ ነው። ግንዛቤ የጎደለው በር ላይ ቆሞ በሚመልሳት ባለሙያ ዘንድ ነው፤ አሁን ለእሱ የምታሳዩት የጋዜጣ ማስረጃ ሰጣችሁት።

ስለዚህ የምጠይቀው እርማት ነው፤ ሐተታው በወጣበት ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ። ሕመም፣ እብጠት ወይም መግል ያላት ነፍሰ ጡር በየትኛውም ወር እንደምትታከም፣ ስትሄድም የስንት ወር እርጉዝ እንደሆነችና የምትወስደውን መድኃኒት ለሐኪሙ መንገር እንዳለባት ይጻፍ። እርማቱ እንደ ወጣ ቆርጬ በክትትል ክፍላችን በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ በአፋን ኦሮሞም ተርጉሜ ከጎኑ አደርገዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ ከጅማ