የአውቶ ክበብ፦ መሪ ስንፈልግ የከረምንበት ዓመት

ሚኒ ሚዲያዎች በየሰልፉ ይሰማሉ። ቀይ መስቀሎችም በየበዓሉ ይታያሉ። የትምህርት ቤታችን የአውቶ ክበብ ግን ዓመቱን ያሳለፈው ከወርክሾፑ ጀርባ አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ስር ተኝቶ ነው።

መኪናዋ 40 የሚባለው ሞዴል ናት። ቶዮታ ይህን ሞዴል ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. አምርቶታል። ሞተሯ ይነሳል፤ ችግሯ መሪዋ ነው። ፓወር ስቲሪንግ፣ ማለትም መሪውን በዘይት ግፊት የሚያቀልለው ነገር፣ የላትም። ቆማ ለመጠምዘዝ አንድ ጉልበተኛ የ12ኛ ክፍል ልጅ ይፈጃል። ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ ሰው ደግሞ መሪ ምን ያደርጋል ብሎ አይጠይቅም።

በድሮው አሠራር የመሪ ሳጥኑ ጎማውን በቀጥታ አይገፋም። መሃል ያለውን ክንድ ይገፋል፤ ክንዱ ደግሞ ወደ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ። የየመገጣጠሚያው ልልነት ተጠራቅሞ እጅ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ልጆቹ የኋለኛውን የ60 ሞዴል ባለ ፓወር ሳጥን ሻንሲው (የመኪናዋ የብረት አጽም) ፊት ላይ አስረው መሃለኛውን ክንድ ለማስቀረት ወሰኑ።

መወሰኑ ቀላል ነበር። ኮምቦልቻ የጅቡቲ መስመር ከተማ ናት፤ ለሲኖትራክ የፈለግከውን ታገኛለህ። ለኛ ግን አልተገኘም። ደሴ ወጥተን ጋራዥ ለጋራዥ ዞርን። አንዱ ሳጥን የቀኝ መሪ መኪና ሆነ። ሌላው ደህና ነበር፣ ከሥሩ የሚታሰረው ክንድ ግን የለም። ሻጩ «የፈለጋችሁት ክንድ ይገባል» አለን። አይገባም! ክንዱ ሳጥኑን የሚይዘው በጥርስ ነው። የጥርሱ ብዛትና የዘንጉ ውፍረት ካልገጠመ በመዶሻ መክተት አደጋ መግዛት ነው። ከዚያ ወዲህ ክበቡ ውፍረት የሚለካበትን ካሊፐር ሳይዝ ሱቅ አይገባም።

በመጨረሻ አንድ ወላጅ ከአዲስ አበባ፣ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ፣ ሳጥኑን ከነክንዱ፣ ከነፓምፑና ከነፓምፕ መያዣው አገኙልን። ሁሉም ከአንድ መኪና የወጡ ናቸው። ዋጋው ወደድ ይላል። እኔ ግን ነገም ብጠየቅ ሙሉውን ነው የምገዛው።

አንድ የሰፈር መካኒክ የመሪውን ዘንግ ቆርጠን እንበይደው አለኝ። «አብሽር ቲቸር!» የመሪ ዘንግ ላይ አብሽር አይሠራም። ብየዳ ሲለቅ አስቀድሞ አይናገርም። በጥርስ የሚረዝምና የሚያጥር ዘንግ ገዛን። ቶርኖ ቤት ያሠራነው ሻንሲው ውስጥ የሚገቡትን ቱቦዎች ብቻ ነው። ያለ እነሱ ብሎኑ ሲጠብቅ ሻንሲው ይጨፈለቃል።

ሳጥኑ ታስሯል፣ የፓምፑ ቺንጋም ልኩን ይዟል። የቀረን ከፓምፑ ወደ ሳጥኑ ከፍተኛ ግፊት የሚያደርሰው ቱቦ ነው። የውሃ ጎማ ቆርጠን በክላምፕ እንሰረው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ወድቋል፤ ያቀረበውን ልጅ ስም አልጠራም።

መስከረም ላይ መኪናዋ መጀመሪያ የኳስ ሜዳውን ትዞራለች። ሐረጎ ገና ነው። አዲስ አባላት ወርክሾፑ በር ላይ ተመዝገቡ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የሚመጣ ግን ኋላ እኔን እንዳይወቅስ።