ቅዳሜ ስኮርፒየንስን እናዳምጣለን

ውድ አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

በዚህ ቅዳሜ ደሴ ስንገናኝ የምናዳምጠው የስኮርፒየንስን «ሮክ ቢሊቨር» የተሰኘ የሮክ አልበም ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ፤ ለብዙዎቻችን ግን ገና አዲስ ነው።

ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተ የጀርመን፣ የሃኖቨር ባንድ ነው። ኮሮና መንገድ ሲዘጋባቸው ሎስ አንጀለስ ሄዶ መቅዳቱን ተዉት። እዚያው ከተማቸው አብረው ተጫውተው ቀዱት። አብረው መጫወታቸውም ሲሰማ ያስታውቃል! ሞተርሄድ የተባለው የሮክ ባንድ የቀድሞ ከበሮ መቺ ሚኪ ዲ ነፍስ ዘርቶበታል። ዘፋኙ ክላውስ ማይነም አልበሙ ሲወጣ 73 ዓመቱ ነበር። ድምፁ ግን አሁንም ልብ ይነካል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የሮክ ጊታር ተጫዋቾች ለሶሎ (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ ለሚጫወትበት ክፍል) አዘውትረው የሚጠቀሙበት ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል አለ። ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ቢ ፍላት ነው። ይኸው ከቅኝቶቻችን አንዱ የሆነው የእኛ ባቲ ማይነር እኮ ነው! ድምፆቹ አንድ ናቸው፤ የሚለየው አካሄዱ ነው። እነሱ ክሩን ጎትተው ያስጮኹታል፣ አምፕሊፋየሩም ያሻክረዋል። የወሎ ዘፋኝ ደግሞ ያንኑ ድምፅ በጉሮሮው ያንቆረቁረዋል። ስለዚህ «ሮክ ጩኸት ብቻ ነው» የምትሉ እህት ወንድሞቼ፣ እባካችሁ በተለይ ሶሎዎቹን በደንብ ስሟቸው።

ክራር ያላችሁ በባቲ ቃኝታችሁ ይዛችሁ ኑ። አልበሙን እያቆምን አብረን እንሞክራለን። ስፒከር እኔ አመጣለሁ፤ የቡና ተረኞች አደራ፣ እንዳትቀሩ።