የጋሼ ፒፓ ነገር

ጌች፣ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ?

ለእትዬ ለቅሶ አልደረስኩም። ስልክ እንኳ አልደወልኩም። የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ከሰማሁ በኋላ ደግሞ ባፈርኩ ቁጥር ቀኑ ሄደ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ይቅር በለኝ ወንድሜ። የቀረውን በወረቀት አልችለውም።

የጻፍኩልህ በፒፓ፣ በትንባሆ ማጨሻ ምክንያት ነው። እንዳትስቅ!

ባለፈው ቅዳሜ ምናለሽ ተራ፣ ከዛጉ ቁልፎችና ከቆሙ ሰዓቶች መሃል ተጋድሞ አገኘሁት። ቁርጥ የጋሼን! ዋጋውን አልነግርህም፤ አንተ ብትሆን በግማሽ ትወስደው ነበር።

ቤት ወስጄ መረመርኩት። ውስጡ የተጋገረው ጥቀርሻ ትንሿን ጣቴን አላስገባ አለ። አንድ ሚሊሜትር ያህል ደግ ነው፣ እንጨቱን ከእሳት ይጠብቃል። ሲወፍር ግን በሙቀት እየተለጠጠ ግድግዳውን ይሰነጥቃል። በደነዘ ቢላ ቀስ እያልኩ ፋቅኩት። ከዚያ የስልኬን መብራት አብርቼ ታቹን አየሁ፣ በሚስማር ጫፍም ነካ ነካ አደረግኩት። ተቃጥሎ ቢሆን ይፈረፈር ነበር። ደህና ነው፣ ተመስገን! ጨው ሞልቼ፣ አልኮል አንጠባጥቤ አሳደርኩት። ጠዋት ጨዉ ቡና መስሎ ጠበቀኝ።

በጥርስ የሚያዘው አፉ ኢቦናይት ነው፣ ከድኝ ጋር የበሰለ ጎማ። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስኩ፣ ከ400 ቁጥር እስከ 2000፣ ሁለት ማታ ፈተግኩት። አሁን እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። የጥርሱን ምልክት ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከር ሳደርገው አብዛኛው ራሱ ተነሳ።

እንጨቱ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አስታ! ያ ሰሜን ተራራ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ ሽበቱን አንዠርግጎ ያየነው አስታ። ፒፓ የሚሠሩት ከግንዱ ሥር ከሚያብጠው ጉጥ ነው፤ የሜዲትራኒያን አገሮች ቆፍረው ያወጡታል።

ችግሬ አንገቱ ላይ ነው። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። አፉን ስሰካው ትከፈታለች፣ ሳወጣው ትዘጋለች። ሙጫ ብቻውን አይችላትም፤ ጥብቅ የብር ቀለበት ያስፈልጋታል። ያንተ እጅ ያስፈልጋታል። የአንገቱ ውፍረት 14 ሚሊሜትር ነው።

ሌላም አለ። ልበለው አልበለው እያልኩ ነው። የጋሼን ፒፓ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ያንን አንተ የተገረፍክበትን። ጋሼ አስቀምጠውት ወጣ ሲሉ፣ እንደጋለ አፉን ልነቅል ስታገል ቀጭ አለ። ትኩሱን መንቀል ለፒፓ ሞቱ ነው፤ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነበረብኝ። ይሄን ያወቅኩት አሁን ነው። አንተ አይተኸኝ ነበር መሰለኝ። ዱላው ሲወርድብህም አልተናገርክም። እኔም አልተናገርኩም። ይሄው ስንት ዓመት።

ጋሼ ትንባሆ ተከልክለዋል አሉ። ግድ የለም፣ ባዶውን ይያዙት። ድሮም ከማጨሳቸው በመዳፋቸው ማሻሸታቸው ይበዛ ነበር።

በሰው ልላከው ወይስ ይዤው ልምጣ? እሳቸው ፊት ምን ብዬ እንደምቆም አላውቅም። እትዬ በሌሉበት ደግሞ… ብቻ አንተ ንገረኝ። ና ካልከኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተራ ነኝ።