ሌሊቱን የምጠብቃት ክሪስታል

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእንቅልፍ ማጣት በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ሌሊቱን ሙሉ ምን ስትሠራ ታድራለህ?» ሲሉኝ «ሥራ ነው» ብዬ ማለፌ ሲቆጨኝ ሰነበተ።

የምጠብቃት ከጥፍር የምታንስ ጥቁር ክሪስታል ናት። ከቢስሙት፣ ከስትሮንሺየም፣ ከካልሲየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን ተነባብራ የተሠራች ናት። ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ስትቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች ብክነት ያልፍባታል። ይህን ብርድ «ከፍተኛ ሙቀት» ማለታችን እኔንም ያስቀኛል፤ ነገር ግን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 ይህ ጠባይ መጀመሪያ የታየበት ሜርኩሪ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ መውረድ ነበረበት።

አየር የነካው ፊቷ አይጠቅመንም፤ የምንለካቸው ኤሌክትሮኖች የሚወጡት ከላይኞቹ ጥቂት የአቶም ንብርብሮች ብቻ ነውና። ስለዚህ አናቷ ላይ ትንሽ የሴራሚክ ዘንግ በሙጫ እናጣብቃለን፤ አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ በወጣበት ክፍል ውስጥ ዘንጉን መታ እናደርገዋለን። ዘንጉ የላይኛውን ንብርብር ይዞ ሲወድቅ እንደ መስታወት የሚያበራ አዲስ ፊት ይገለጣል። አንዳንዴ ግን ሙጫው ብቻ ይለቅና የሳምንት ዝግጅት ከንቱ ይቀራል። ማክሰኞ ስንነጋገር የተከፋሁ የመሰልዎት ለዚያ ነበር።

ከዚያ ብርሃን እንለቅባታለን። ብርሃን ኤሌክትሮንን ገፍቶ እንደሚያስወጣ አንስታይን በ1905 አስረድቷል፤ እኛ በየት አቅጣጫና በምን ያህል ጉልበት እንደወጣ ለክተን፣ ውስጥ ሳለ እንዴት ይጓዝ እንደነበር እናሰላለን። ኤሌክትሮኖቹ ሲቀዘቅዙ ይጣመራሉ፤ ያለ ብክነት የሚያልፉትም ተጣምረው ነው። ጥንዱን ለመለያየት የሚጠይቀው ጉልበት፣ እኛ «ክፍተት» የምንለው፣ በአንድ አቅጣጫ ትልቅ ነው፤ በሰያፉ ግን ጭራሽ የለም። ትናንት ሌሊት ማዕዘኑን ትንሽ በትንሽ ሳዞር ያ ክፍተት እየጠበበ ሄዶ ሲዘጋ በኮምፒውተሩ ላይ አየሁት። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፤ ቢሆንም ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ።

የሚያጣምራቸው ምንድን ነው ካሉኝ፣ ቤድኖርዝና ሙለር የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚህ ክሪስታል ዘር የመጀመሪያውን በ1986 ካገኙ ወዲህ ክርክሩ አልተቋጨም። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሩ ነበር?» እንደሚሉ አውቃለሁ።

አሁን ልሂድ። ፊቷ በየሰዓቱ ያረጃል፤ የመጀመሪያውን ማዕዘን ደግሜ ለክቼ አለመለወጧን ማየት አለብኝ። እሑድ ጠዋት እደውላለሁ።

ልጅዎ