ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለላክህልኝ የ1969 ፔኒ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ሌሊቱን ቆሜ አድሬ ስመለስ ደረጃውን ይፈራል። ባለፈው እሑድ ስለዚህ ፔኒ፣ ስለዚህ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም፣ ስትነግረኝ ድምፅህ ውስጥ የነበረውን ደስታ ሰምቼ ስለነበር፣ ፎቶግራፉን እንዳየሁ በልቤ ያሰብሁትን ወዲያው ልነግርህ አልፈለግሁም። ሳንቲሙ ራሱ በፖስታ እጄ እስኪገባ ጠበቅሁ። ትናንት ደረሰ። ከሥራ ገብቼ ቡናዬን ካፈላሁ በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ በማጉያው መረመርሁት፤ ያየሁትንም በስልክ ከምነግርህ ጽፌልህ እያመሳከርህ ብታነበው ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጀመርሁ።

ልጄ፣ ይህ ያ የምታስበው ብርቅ ድርብ ፔኒ አይደለም። ዓመተ ምሕረቱ 1969 ነው፤ ከሥሩም የሳን ፍራንሲስኮ ማተሚያ ቤት ምልክት የሆነችው ኤስ አለች፤ ቁጥሩም በእርግጥ ድርብ መስሎ ይታያል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነህ። ነገር ግን እስቲ ያቺን ኤስ አስታውሳት። እርሷም ድርብ ናት። ነገሩ ያበቃውም እዚያ ላይ ነው፤ በእውነተኛው የ1969 ድርብ ፔኒ ላይ ዓመተ ምሕረቱና በፕሬዚዳንት ሊንከን ራስ ዙሪያ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ተደርቦ ሲታይ፣ ኤሷ ግን አንድና ጥርት ያለች ሆና ትቀራለች።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ከገባህ ከእንግዲህ ማንም አያታልልህም፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሠኝ። ፔኒው የሚመታበት የብረት ማኅተም ራሱ የሚሠራው ከሌላ እናት ማኅተም ነው። በዚያ ዘመን እናት ማኅተሙ ልጅየውን አንድ ጊዜ ተጭኖት ብቻ ምስሉ በሙሉ አይወጣም ነበር፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተጫነው በኋላ ብረቱ እንዲለሰልስ እሳት ውስጥ ይገባና ተመልሶ ሁለተኛ ይጫናል። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ለጥቂት ዞር ብሎ ከተቀመጠ ፊደሎቹ በማኅተሙ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀረጻሉ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ማኅተም የሚመታ ፔኒ ሁሉ አንድ ዓይነት ስሕተት ይዞ ይወጣል። የማተሚያ ቤቱ ምልክት ግን ያን ጊዜ ከእናት ማኅተሙ ላይ አልነበረም፤ ሠራተኛው ልጅ ማኅተሙ ካለቀ በኋላ በእጁ በመዶሻ ይመታው ነበር። ስለዚህ ከእናት ማኅተሙ የመጣ መደረብ ኤሷን ሊነካት አይችልም።

አንተ የላክህልኝ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ማኅተሙ በማሽኑ ላይ ላልቶ፣ ፔኒውን መትቶ ሲነሣ ለጥቂት ተንሸራትቶ የፊደሎቹን ጠርዝ ገፍቷቸዋል። በማጉያው ተመልከተው፤ ሁለተኛው ምስል ከፊደሉ አጠገብ እንደ ደረጃ ጠፍጣፋና ዝቅ ያለ ነው፤ ፊደሉም ራሱ ቀጥኗል። እውነተኛው ድርብ ግን ሁለቱም ምስሎች ክብና ከፍ ያሉ ናቸው፤ ፊደሉ ይወፍራል እንጂ አይቀጥንም፤ የፊደሉም ጫፍ እንደ ዋንዛ ቅጠል ሳይሆን እንደ እባብ ምላስ ተሰንጥቆ ይታያል። የማሽኑ ዓይነት በ1969ኙ የሳን ፍራንሲስኮ ፔኒ ላይ እጅግ የተለመደ ነው፤ ዋጋውም አንድ ሳንቲም ነው። በዚህ አትፈር፤ እኔም የመጀመሪያው ዓመት ላይ እንዲህ ያሉትን በአንድ የቡና ጣሳ ሙሉ አጠራቅሜ ሀብታም የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ገዛኸው ከረጢት ልለፍ፤ ከሳንቲሙ ይልቅ የከፋኝ እርሱ ነውና። አንድ ሺህ የስንዴ ፔኒ፣ ማለት ከጀርባው የስንዴ ዘለላ ያለበት አሮጌው ዓይነት፣ "ማንም ያልፈተሸው" ተብሎ በ85 ዶላር ገዛሁ አልኸኝ። እስቲ እንደ ነጋዴ አስብ። ፔኒን መፈተሽ ዓይንና ጊዜ እንጂ ገንዘብ አይፈልግም፤ ታዲያ አንድ ሺህ አሮጌ ፔኒ በእጁ የገባ ሰው፣ ውስጡ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ሊኖር እንደሚችል እያወቀ፣ ሳያየው ለአንተ የሚሸጥልህ ስለምን ነው? አይቶታል፤ ከእርሱ በፊት የነበረውም አይቶታል። የቀሩት የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ሳንቲም ያወጣሉ። እኔም በዚህ ተበልቻለሁ። አንድ ሻጭ በወረቀት የተጠቀለለ ሃምሳ ፔኒ አሳየኝ፤ በአንዱ ጫፍ 1909 የሚል ዓመተ ምሕረት ተገልጦ ይታይ ነበር፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ ሁለቱ የስንዴ ዘለላዎች። ሃያ ሁለት ዶላር ከፈልሁ። ቤት ወስጄ ወረቀቱን ስቀደው በመካከል ያሉት አርባ ስምንቱ ሁሉ ተራ ነበሩ፤ ጫፍ ላይ የነበረችውም 1909 ኤስ የሌላት፣ ፊቷም ያለቀ ሆና ተገኘች። ያቺ ውድ የሆነችው ኤስ ያላትና የቀራጩ የቪክቶር ዴቪድ ብሬነር ስም ሦስት መነሻ ፊደላት ከጀርባዋ ያሉባት ናት፤ የተመታውም 484,000 ብቻ ነው። እንዲህ ያለችውን ጥቅል ጫፍ ላይ አስቀምጦ እስክትመጣ ድረስ የሚጠብቅህ የለም።

ከባንክ የሚወሰደው ግን የተለየ ነው። አንድ ጥቅል 50 ፔኒ ነው፤ አንድ ካርቶን 50 ጥቅል፣ ማለት 2,500 ፔኒ በ25 ዶላር። ይህን የሚቆጥረውና የሚጠቀልለው ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ ይቆጥራል እንጂ አያይም። የማትፈልገውን መልሰህ ስታስቀምጥ ገንዘብህን ሙሉውን ታገኛለህ፤ የሚጠፋው ጊዜህ ብቻ ነው። ብቻ ወደ ወሰድህበት ባንክ አትመልሰው፤ ራስህ የጣልኸውን ደግመህ ስትፈትሽ ትከርማለህ። ከረጢት ከሆነ 5,000 ፔኒ ነው፤ ክብደቱም ከ12 ኪሎ በላይ ስለሆነ ለእንደኔ ዓይነት ጉልበት አይሆንም፤ አንተ ግን ትችለዋለህ።

እኔ እንዴት እንደምሠራ ልንገርህ። ሌሊት የምሠራበት ሱቅ ጭር ሲል ለገንዘብ መሳቢያው የሚሆነውን ጥቅል በመሳቢያው ጠርዝ ላይ መታ አድርጌ እሰብረዋለሁ፤ ያን ጊዜ የምፈትሸው የለም፤ ጆሮዬ ግን ይሠራል። ከ1982 በፊት የተመታው ፔኒ 95 ከመቶ መዳብ ነውና በጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ይጮኻል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ዚንክ በስስ መዳብ የተለበጠ ስለሆነ እንደ ቁልፍ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ፍተሻው ቤት ነው፤ ነጭ ጨርቅ አነጥፌ መጀመሪያ ጀርባቸውን ወደ ላይ እገለብጣቸዋለሁ፤ ስንዴው እስከ 1958፣ የሊንከን መታሰቢያ ሕንጻው ከ1959 እስከ 2008፣ ጋሻው ከ2010 ወዲህ ስለሆነ ዓይን አንድ ጊዜ ሲያልፍ ይለያቸዋል። ከዚያ ነው ፊታቸውን በየዓመቱ የምለየው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጣቶቼ ጥቁር ይሆናሉ፤ ሽታውም እጅ በሳሙና ታጥቦ ቶሎ አይለቅም።

ሁሉንም በማጉያ ልይ ብትል ዓይንህ ይጠፋል። እኔ በልቤ የያዝኋቸው ጥቂት ዓመታት ናቸው። 1955 ምልክት የሌለው፣ ማለት የፊላዴልፊያው፤ መደረቡ ያለማጉያ ይታያል። በአንድ ሌሊት ሥራ ላይ የተመታ ነው፤ ስሕተቱ ሲታወቅ ከደህናዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ስለነበር ሁሉንም ከመጣል ይውጣ ተባለና ከ20,000 በላይ የሚሆነው ወደ ገበያ ወጣ። ብዙው የተገኘው፣ የሲጋራ መሸጫ ማሽኖች መልስ ሊሰጡ ስለማይችሉ በፓኮው ላስቲክ ውስጥ ይከተቱ ከነበሩት ፔኒዎች መካከል ነው። ዛሬ ያገለገለው እንኳ ከሺህ ዶላር በላይ ይሸጣል። ከዚያ 1972፤ 1983 ደግሞ በጀርባው በኩል፤ 1995 በፊቱ። ከ1998 እስከ 2000 ባሉት ላይ ከጀርባው "አሜሪካ" ከሚለው ቃል ኤ እና ኤም ፊደሎች እግራቸው ሊነካካ የተቃረበ መሆን አለበት፤ ተራርቀው ካየህ ለብቻ አስቀምጥ። 1992 ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መራራቃቸው የተለመደ፣ መቀራረባቸው ብርቅ ነው። ይህን አንድ ሰሞን ገልብጬ ይዤው ስንቱን እንደመለስሁ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው።

1943ን የምለየው በማግኔት ነው። መዳቡ ለጦርነቱ ስለተፈለገ በዚያ ዓመት ፔኒው የተመታው ዚንክ በተቀባ ብረት ነበር፤ ጥቂት የመዳብ ቁርጦች ግን ከዓመቱ በፊት በማሽኑ ማጠራቀሚያ ውስጥ ቀርተው አብረው ተመቱ። በ1947 በማሳቹሴትስ አንድ የ16 ዓመት ተማሪ በትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት በመልስ አንዷን አገኘ፤ መንግሥትን ቢጠይቅ በ1943 የመዳብ ፔኒ አልተመታም የሚል መልስ ደረሰው፤ እርሱ ግን አልጣላትም። ካረፈ በኋላ በ2019 በጨረታ 204,000 ዶላር ወጣች። ይህን ስነግርህ ግን ዓይንህ እንዳይበራ፤ ገበያው ላይ መዳብ የተቀባ የብረት 1943 ሞልቷል፤ ማግኔት ከሳበው ተወው።

1982ን በሚዛን። በዚያ ዓመት ሁለቱም ዓይነት ተመትቷል፤ መዳቡ 3.11 ግራም፣ ዚንኩ 2.5 ግራም ነው። ጓደኛህ መዳቦቹን ለይቶ አቅልጦ ለመሸጥ ያስባል ያልኸኝን ግን ንገረውና ይተው፤ ፔኒ ማቅለጥ ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፤ እስራትም አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሃለሁ፤ ሳንቲም አትጠብ። እኔ ቤት የናስ ዕቃ በሎሚና በዐመድ ታሽቶ እንዲያበራ ተምሬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የመጀመሪያዋን ያማረች የ1919 የስንዴ ፔኒ በሎሚና በጨው አሽቼ እንደ አዲስ ሙሽራ አስጊጬ ለአንድ ሳንቲም ሰብሳቢ ወሰድሁለት። ሰውየው አንድ ጊዜ አይቶ ሳይናገር መለሰልኝ። ያ ቡናማ ቀለም ዕድሜዋ ነበር፤ እኔ ገፍፌ ጣልሁት።

በስድስት ዓመት ምን አገኘሽ ብትለኝ፣ አንድ የ1995 ድርብ፣ ጠርዙ በግማሽ ጨረቃ የተቆረጠ አንድ፣ ምስሉ ወደ ጎን የሸሸ አንድ፣ የስንዴ ደግሞ ሁለት ማሰሮ። ለአንተ ለአንድ ሰሚስተር መጽሐፍ እንኳ አይሞላም። ግን አያትህ ያስቀመጡልኝን የጃንሆይ ዘመን አምስት ሳንቲም ታውቃለህ? ከአንበሳው ጋር 1936 የሚለው የኛው ዓመተ ምሕረት ያለበትን? እንዲህ ካሉት ብዙዎቹ የተመቱት እዚያው ፊላዴልፊያ፣ ያ የ1955 ፔኒ በተሳሳተበት ቤት ነው። ይህን ያወቅሁት ፔኒ ስፈትሽ ነው፤ እንደ ግኝት ከቆጠርህልኝ እርሱን ከሁሉ አስበልጣለሁ።

ጊዜው ግን እያጠረ ነው። አንዱን ፔኒ ለመምታት ወደ አራት ሳንቲም የሚጠጋ ወጪ ይጠይቅ ስለነበር፣ ለገበያ የሚሆነው የመጨረሻው ፔኒ ኅዳር ወር ላይ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 12 ቀን 2025፣ ፊላዴልፊያ ላይ ተመቷል። ያለው እንደ ገንዘብ መሥራቱን ይቀጥላል፤ አዲስ ግን ስለማይመጣ፣ የባንክህ ሠራተኛ ካርቶን አለ ካለችህ ሁለት ውሰድ። ከረጢቱንም ለሻጩ እመልሳለሁ ብለህ አትከራከር፤ ተቀብሎ የሚሰማህ የለም። ይልቅ በትርፍ ሰዓትህ ተለማመድበት፤ ስንዴዎቹ ለዓይን ማሠልጠኛ ደህና ናቸው። ለምሳሌ በ1950ዎቹ ላይ "ሊበርቲ" በሚለው ቃል በቢ እና በኢ መካከል ተጨማሪ ቀጭን ዘንግ የመሰለች ነገር ታገኛለህ፤ ከማኅተሙ ላይ ትንሽ ስባሪ ስትወድቅ የምትመጣ ናት፤ ዋጋዋ ትንሽ ቢሆንም ያየሃት ቀን ዓይንህ መከፈቱን ታውቃለህ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የ1969ህን መልሼ ልኬልሃለሁ። ማጉያዬን ሁለተኛውን፣ አሥር እጥፍ የሚያሳየውን፣ አብሬ አድርጌአለሁ፤ ሚዛኑን ግን አልላክሁም፣ ባትሪው አልቋል።

በነገራችን ላይ አንድ የ1984 ፔኒ በትንሽ የወረቀት ከረጢት ለይቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። በዚያ ዓመት ድርብ ላይ ከሊንከን ጆሮ ሥር ሁለተኛ የጆሮ ጫፍ መታየት አለበት። እኔ አንድ ማታ ያለ ይመስለኛል፤ በማግስቱ ቀን ብርሃን ላይ ሳየው ጭረት ብቻ ሆኖ ይታየኛል። የኔ ዓይን ከዚህ በላይ አልሄደም። ለገና ስትመጣ አንተ እየው።

እናትህ